ያለ ሬሳ የተጠራ ቅሬ

ሰው ሳይሞት ቅሬ ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ጡሩንባውን የነፋው ሌላ ሰው ነው፤ ያስነፋው ግን የኔ ጥፋት ነው። ወሎ ላልኖራችሁ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሐይቅ ከተማ እኛ ሰፈር ያለው ቅሬ እስላም ክርስቲያን አይልም። ጡሩንባ ከተነፋ ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይወጣል፣ የሌለው ባዶ እጁን ይወጣል። ጡሩንባው ደግሞ ለሬሳ ብቻ ነው። ለሠርግ አይነፋም፣ ለስብሰባ አይነፋም፣ ለሌባ እንኳ አይነፋም።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የአምባሰል ገጠር ልጅ ነኝ። ተምሬ ተመርቄ፣ ደሴ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጥሮኝ፣ «የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ» የሚል ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው ሐይቅ የገባሁት። አፈር ገፍቶ ያሳደገኝን አባቴን ሳይቀር ስለ አፈር ላስተምረው የሚቃጣኝ ሰው ነበርኩ። ቁጡም ነበርኩ። ሰው ሲመክረኝ የናቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ትንሽ አለብኝ፣ አልክድም።

ሥራችን ከከተማው ዳር፣ ከሰፈሩ በላይ ያለ አሮጌ የድንጋይ ካባ ነበር። የሰፈሩ ቤት ሁሉ መሠረቱ ከዚያ ካባ የወጣ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ጉድጓዱ ቀረ። ጉድጓድ መቼም ባዶ አይቀመጥም፣ ቆሻሻ መጣያ ሆነ። ፌስታሉ፣ የሞተ ውሻው፣ የፈረሰ ቤት ፍርስራሹ ሁሉ እዚያ ነው የሚጣለው። እኛ ጉድጓዱን ሞልተን፣ ከፊቱ ግንብ ገንብተን፣ ላዩን መናፈሻ ልናደርገው መጣን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም እሱን አልክድም። ያበላሸሁት አሠራሩን ነው።

ጋሽ ይመርን ያወቅኋቸው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ዕድሜያቸውን እዚያ ካባ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጡ የኖሩ፣ አንድ ዓይናቸውን የድንጋይ ፍንጣሪ የወሰደባቸው ሽማግሌ ናቸው። የሰፈሩ ቅሬ ዳኛም እሳቸው ነበሩ። በየጠዋቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዱላቸውን ይዘው ይመጡና አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሥራችንን ያያሉ። «ኢንጅነር» ነው የሚሉኝ። ኢንጅነር አይደለሁም ብዬ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ። «አብሽር፣ ሲጠሩህ አቤት ካልክ ይበቃል» ይሉኛል።

አንድ ቀን በዱላቸው የጉድጓዱን ግራ ጥግ እያሳዩ፣ «ይህችን ቦይ ምን ልታደርጋት ነው?» አሉኝ።

ድንጋይ ፈላጮቹ ዐለቱን ሰርስረው የሠሯት ጠባብ ቦይ ናት። ከጉድጓዱ ወደ ጎን ወጥታ፣ ቤት ወደሌለበት ፈፋ ትወርዳለች። ያኔ በቆሻሻ ታፍና አፏ እንኳ በቅጡ አይታይም ነበር።

«እንደፍናታለን» አልኳቸው። «መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት።»

«ክረምት ሲበረታ ከኋላ ካለው ገደል ውሃ ይፈልቃል። በሷ ነበር የምናስወጣው።»

«እኛ ስንለካ ምንም ውሃ አላየንም ጋሽ ይመር።»

«በጥር ነዋ የለካኸው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ተናደድኩ። ያን ቀን ከሰዓት ቦይዋን በፍርስራሽ አስሞላኋት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ባይስቁብኝ ኖሮ ትንሽ አስብበት ነበር።

ሣሩም ላይ ተጣላን። እኔ ከሩቅ በመኪና የመጣ፣ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ሣር አስነጠፍኩ። ጋሽ ይመር ጫፉን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩትና፣ «ሥር የለውም እኮ ይሄ። ሰርዶ ጣልበት፣ ዳር ዳሩን ሰንሰል ትከልበት፣ እነሱ አፈር ይይዛሉ። ይሄ ያንተው የሙሽራ ቬሎ ነው» አሉ። እኔ ማስነጠፌን ቀጠልኩ።

ግንቡ የሁለት ሰው ቁመት ነበረው። ሲሠራ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አውጥተንለት ነበር፤ ይህን ያህልስ አላበድኩም። ግን ሐምሌ ላይ ከቀዳዳዎቹ ቡናማ፣ የሚሸት ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። ከሥር የቀበርነው ቆሻሻ ነው። ኖራ የተቀባው ግንብ ተዥጎረጎረ። ምረቃው ደርሷል፣ እንግዶች ይመጣሉ። አለቃዬ ይህን ሰምቶ ከደሴ ደወለና፣ «ግንቡ እያለቀሰ ነው እንዴ እንግዳ የሚቀበለው? ድፈነው» አለኝ። ሲሚንቶ አስቦክቼ ቀዳዳዎቹን በሙሉ አስደፈንኩ። እምቢ ማለት እችል ነበር፣ ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም።

ከግንቡ ሥር፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የእትዬ ከድጃ ቤት አለ። ከምራታቸው ከዘሃራ ጋር ነው የሚኖሩት። የዘሃራ ባል ሹፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እትዬ ከድጃ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስንለካ የከፍታ ምልክት ያስፈልገን ነበርና፣ የእሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አደረግሁ። ለመለኪያ ብቻ ነበር። ግን እዚህ አገር ቀይ ቀለም የተቀባ ቤት ምን እንደሚሆን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ይፈርሳል። ለማስረዳት አልሞከርኩም። ሥራ ላይ ነኝ፣ ለማን ነው የማስረዳው ብዬ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ። ነሐሴ ነው፣ ሐሙስ። ምረቃው ቅዳሜ ነው። ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ሐይቁም ወዲያ ማዶ ያለው ተራራም አይታይም። ሠራተኞቹን ጠዋት አሰናብቼ ብቻዬን ቀረሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ ሣሩ ላይ ስራመድ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ቆምኩና አንዴ ዘለልኩ። ሦስት እርምጃ ርቆ ያለው ሣር ተነሥቶ ወረደ። ከሥሩ ውሃ ሞልቷል ማለት ነው።

ሮጬ ወደ ግንቡ ወረድኩ። ኖራ ቀቢዎቹ ከዳር እስከ ዳር የወጠሩት ሲባጎ ገና አልተፈታም ነበር። ሲወጠር በሲባጎውና በግንቡ መካከል አንድ ጣት ይገባ እንደነበር አውቃለሁ፣ ያስወጠርኩት እኔ ነኝ። ዳሩ ላይ ጣቴን አስገባሁ፣ ገባ። ወደ መሀል ሄጄ ሞከርኩ። ጥፍሬ ብቻ ገባ።

«ሆዷ ገፍቷል» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ጋሽ ይመር ናቸው፤ ማዳበሪያ ከረጢት አናታቸው ላይ ደፍተው ቆመዋል። መዳፋቸውን ግንቡ ላይ ለጥፈው ዳበሱት። ከዚያ፣ «ሣርህን ቅደድና ቦይዋን ክፈታት። አሁኑኑ» አሉኝ።

«አለቃዬን ልጠይቅ።»

«ውሃው እሱን አይጠይቅም።»

ደወልኩ። ነገርኩት። «ለሁለት ቀን ነው እኮ፣ ዝናቡ ያባራል። ሣሩን እንዳትነካው» አለኝ። ቀጠለና፣ ከምረቃው በኋላ ቋሚ ሠራተኛ እንደሚያደርገኝ አስታወሰኝ። እሺ አልኩት። አዎ፣ እሺ አልኩት። ጋሽ ይመር በአንድ ዓይናቸው አዩኝና ሄዱ። እኔ ከግንቡ ፊት ቆሜ፣ በየደቂቃው ጣቴን ሲባጎው ውስጥ እየከተትኩ፣ ያባራ እንደሁ ብዬ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ግንቡ አይደለም፤ ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

ጥፍሬ መግባት ተወ። ግንቡ ሲባጎውን ነክቶ ወደ ፊት ይገፋው ጀመር።

ወደ እትዬ ከድጃ ቤት ሮጥኩና በሩን ደበደብኩ። በሩን ገርበብ አደረጉት። ከኋላቸው፣ ግንቡ ባለበት በኩል ካለው ግድግዳ ሥር፣ ዘሃራ አልጋ ላይ ናት። አራስ እንደሆነች ያኔ ነው ያየሁት። ሕፃኗ ጡት ላይ ነበረች።

«ውጡ፣ ግንቡ ሊፈርስ ነው» አልኩ።

«ይኸው መጣ» አሉ እትዬ ከድጃ፣ ለምራታቸው። «አላልኩሽም? በቀይ ቀብቶ ሄዶ፣ ዝናብ ጠብቆ ሊያስወጣን መጣ።»

«እትዬ ከድጃ፣ ስለ ፈጣሪ ብለው ይስሙኝ። ማፍረስ አይደለም። ውሃ ነው።»

«አራስ ናት። ነገ ሰባተኛ ቀኗ ነው፣ ስም ይወጣል። በዚህ ብርድ አራስ ይዤ የት ነው የምወጣው? እኛ ስንወጣ ቤቱን ልትገፉት።»

«ወላሂ አልገፋም» አልኩ። ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ማለቴ ለራሴም አልታወቀኝም። እትዬ ከድጃ ሲሰሙት ጭራሽ ተናደዱ። «በጌታዬ ስም ደግሞ ይቀልዳል» ብለው በሩን ዘጉት። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት።

ከመንገዱ ዳር ካለው ሻይ ቤት ሰባት ስምንት ሰው ነበር። ገብቼ፣ ዶማ ያለው ይምጣልኝ፣ ግንቡ ሊፈርስ ነው አልኩ። አንዱ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ፣ «ለምረቃው ነው?» አለኝ። ሳቁ። «እኛን መች ጠይቃችሁ ሠራችሁት?» አለ ሌላው። እሱስ እውነቱን ነው። ማንም አልተነሣም። ቁጣዬ መጣ፣ ግን በማን ላይ እንደምቆጣ ጠፋኝ።

ተመለስኩ። የዕቃ ቤታችን ደጃፍ ላይ ዲጅኖ አገኘሁና፣ ያስደፈንኩትን አንዱን ቀዳዳ መምታት ጀመርኩ። አራቴ አምስቴ መታሁ። ሲሚንቶው ተፈንቅሎ ወጣና ቡናማ ውሃ ደረቴን መትቶ ጣለኝ። ከላይ አንድ ድንጋይ ተንሸራቶ አጠገቤ ወደቀ። የሆነ እጅ ኮሌታዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

«ከሥር ከነካካሃት ትመጣብሃለች» አሉ ጋሽ ይመር። «ውሃዋን ከላይ ነው መውሰድ፣ በቦይዋ። ለዚህ ደግሞ አንድ ዲጅኖና አንድ ደንቆሮ አይበቃም። ሃያ ሠላሳ ሰው ይፈልጋል።»

«ማንም አይመጣም። ለመንኳቸው እኮ።»

«ላንተ አይመጡም» አሉና፣ ዱላቸውን ጨብጠው ወደ ሰፈሩ ወረዱ። ተከተልኳቸው።

ያመሩት ሐሰን የሚባለው ጡሩንባ ነፊ ቤት ነው። ሐሰን በሩ ላይ ሲያየን ፊቱ ተለወጠ። «ማን ሞተ?» አለ።

«ጡሩንባውን አምጣ።»

«ማን ሞተ ጋሽ ይመር?»

«የሞተ የለም። አምጣ።»

ሐሰን እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ውሉን ያጻፉት እርስዎ ነዎት» አለ በቀስታ። «ያለ ሬሳ ጡሩንባ ያስነፋ፣ የሱ ሬሳ ያለ ጡሩንባ ይወጣል። እኔ ይህን በእርስዎ ላይ አላደርግም።»

ለወሎ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። የኔም አገር ነው። ሰው ቢደኸይ ይችለዋል፣ ቢታመም ይችለዋል። ቀባሪ ያጣ ዕለት ግን ኖረ አይባልም። ጋሽ ይመር ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ሞታቸው ሩቅ አይደለም። ሰው ሲቀብሩ የኖሩትም ለዚያች ቀን ነው።

«ትክክል ነህ፣ አንተ አትንፋው» አሉት። ገብተው ጡሩንባውን ከግድግዳው ላይ አወረዱት። ደጅ ወጥተው ነፉት። ትንፋሽ ስላጠራቸው የመጀመሪያው ተቆራረጠ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛውን ሲነፉ የሻይ ቤቱ ሰዎች ከነብርጭቆአቸው መንገድ ላይ ቆመው አየሁ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ከየቤቱ ወንዱ ዶማና አካፋውን ይዞ፣ ላስቲክ ደርቦ መጣ። ቅድም የሳቁብኝ ሁሉ መጡ። የቅሬው ጸሐፊ አቶ ታደሰ ከፊት ናቸው፤ ነገር ሁሉ በደንቡ እንዲሄድ የሚወዱ፣ ደረቅ ሰው ናቸው። ጋሽ ይመር ጡሩንባውን ይዘው ከግንቡ ፊት ሄደው ቆመው ነበርና፣ ሰው ሁሉ ተከትሏቸው እዚያ መጣ።

«ሬሳው የማን ነው?» አሉ አቶ ታደሰ።

«እስካሁን ሬሳ የለም።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ፣ «ይቀለድብናል እንዴ» አለ። አቶ ታደሰ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። «ጋሽ ይመር፣ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። እሱን እሑድ ትፈርዱብኛላችሁ። አሁን ይህን ግንብ እዩት። ከዚህ ቤት ውስጥ አራስ አለች። የምትቀብሯት ልጅ ጡት እየጠባች ነው። አሁን ትቆፍራላችሁ ወይስ ነገ?»

 ከዚያ የቤቱ በር ተከፈተ። እትዬ ከድጃ ናቸው፣ ሻሻቸውን እያሰሩ። የቅሬ ጡሩንባ ሰምተው ቤት መቀመጥ አልቻሉም። «ማነው የሞተው? ኧረ ማነው?» አሉ።

«እናንተ ናችሁ» አሉ ጋሽ ይመር። «ዞር በይና እይ።»

እትዬ ከድጃ ዞረው ግንቡን አዩት። መሀሉ ወደ ቤታቸው አዘንብሏል፣ ሲባጎው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። እኔን አላዩኝም። «የመንግሥትን ሰው አላምንም፣ ቅሬው ካለ ግን እሺ» አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም፤ እሱን ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም። አንዱ የቅሬውን የሬሳ ቃሬዛ ይዞ ሊገባ ሲል እትዬ ከድጃ ደረቱን ገፉት። «በቃሬዛማ አትወጣም። በሕይወት ያለችን ሴት?» አሉ። አራት ሰው ገብቶ አልጋውን ከነዘሃራና ከነሕፃኗ ተሸከመ፣ ላስቲክ ከላይ ወጠሩላቸው። በሩ ስለጠበበ አልጋውን ማዘንበል ነበረባቸው፤ ዘሃራ ልጇን በአንድ እጅ አቅፋ በአንድ እጅ መቃኑን ይዛ ስትወጣ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለ ቤት አስገቧቸው።

የቀረው ሰው ካባው ላይ ወጣ። ሁሉም እዚያ ሲደርስ ቆመ። አረንጓዴ፣ የተበጠረ ሣር ነው፤ ማንም መጀመሪያ ሊመታው አልደፈረም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። አቶ ታደሰ ዶማቸውን ሰጡኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮሃል፣ አለቃዬ ነው። ዶማውን አነሣሁና ሣሩ ላይ አሳረፍኩት። ከተቀደደው ቦታ ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

«እዚህ አይደለም፣ ሦስት ክንድ ወደ ግራ» አሉ ጋሽ ይመር። አንድ ዓይን፣ ዝናብ፣ የተሞላ መሬት፤ ምንም ምልክት የለም። በዱላቸው ጫፍ መስመር ሠሩ። ያን መስመር ተከትለን ቆፈርን። በሁለት ረድፍ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተካው። መቃብር የለመደ እጅ አፈር ሲያወጣ ታይቶ አይጠገብም። አንድ ጊዜ እግራችን ሥር መሬቱ ወደ ግንቡ በኩል ተንሸራተተና ሁላችንም ቆምን። አንዱ «ያ ረቢ» አለ፣ አጠገቡ ያለው አማተበ። ጋሽ ይመር ግን «ቀጥሉ» አሉ።

ወገብ ያህል ስንወርድ የኔ ዶማ ዐለት መታ። ቀጥ ያለ፣ በመሮ የተጠረበ ጠርዝ ነው። የቦይዋ ጠርዝ ነበር። ከዚያ በኋላ በእጃችን ነው ያወጣነው፣ ፌስታሉን፣ ብሎኬቱን፣ እኔ ያስሞላሁትን ፍርስራሽ በሙሉ። አንድ ትልቅ የብሎኬት ስብርባሪ በገመድ ስበን ስናወጣ ከሥሩ የሆነ ነገር ተንጎደጎደ። «ውጡ፣ ውጡ» አሉ ጋሽ ይመር። ዘለን ወጣን። ውሃው ጥቁር ሆኖ፣ ቆሻሻውን እየነቀለ፣ ቦይዋን ይዞ ወደ ፈፋው ወረደ። መሬቱ ሲሟሽሽ ታየን።

ዳነ ስንል ግንቡ ጮኸ። መሀሉ፣ የበር ስፋት ያህል፣ ወደ ፊት ተደፋ። ድንጋዩ የእትዬ ከድጃን የኋላ ግድግዳ ጥሶ ገባ። የቀረው ግንብ ቆመ፤ ውሃው ባይቀንስ ኖሮ ሁሉም ነበር የሚሄደው። አቧራ እንኳ አልነበረም፣ ዝናብ ነው። ወርጄ በተጣሰው በኩል ወደ ቤቱ ውስጥ አየሁ። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ እኔ መርጬ ያስጠረብኩት ድንጋይ ተቆልሏል።

ከመንገዱ ማዶ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰማናት። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ማንም ተነሥ አላለኝም።

እሑድ ቅሬው ተሰበሰበ። ጋሽ ይመር ከዳኛ ወንበራቸው ተነሥተው ከተከሳሽ ቦታ ቆሙ። አቶ ታደሰ ውሉን አነበቡ። እኔ ከዳር ሆኜ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቦይዋን የደፈንኩት፣ ቀዳዳዎቹንም ያስደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ቅጣቱ ለኔ ይሁን» ብዬ ጮህኩ።

«አባል ነህ?» አሉኝ አቶ ታደሰ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ቅሬ ላይ አትናገርም።»

ብዙ ሰው ይማሩልን አለ። እትዬ ከድጃ ከሴቶቹ መሀል ተነሥተው ለመኑ። አስቸጋሪው ጋሽ ይመር ራሳቸው ሆኑ። «ዛሬ እኔን ከማራችሁ፣ ነገ አንዱ በሬው ጠፋ ብሎ ያስነፋዋል። ከነገ ወዲያ ጡሩንባ ሲነፋ ማንም አይወጣም። ያን ቀን የወጣችሁት ውሉ ስላልተነካ ነው» አሉ። ቅጣቱ ጸናባቸው። ዳኝነቱንም አስረከቡ። ከዚያ በዱላቸው ወደኔ እያመለከቱ፣ «ይህን ልጅ መዝግቡት። ዶማ ይችላል» አሉ።

ከሥራዬ ተባረርኩ፤ መባረርም ሲያንሰኝ ነው። ሐይቅን ግን አልለቀቅሁም። የእትዬ ከድጃን ግድግዳ ከቅሬው ጋር መልሰን ገነባን፤ ቀይ ቀለሙን በገዛ እጄ ፍቄ አጠፋሁት። ካባውን ለሰፈሩ ሰው ተውለት ተባለና፣ ሥራውን እንደገና፣ በጋሽ ይመር ዱላ ጀመርነው። ቦይዋ ዛሬ በግራ ጥጉ ተከፍታ ትሄዳለች፣ ልጆች ይዘሏታል። ዳር ዳሩ ሰንሰል ነው፣ ሜዳው ሰርዶ ነው። የተረፈው ግንብ በየክንዱ ቀዳዳ አለው፣ ክረምት ክረምት ያንጠባጥባል። ሲያዩት አያምርም። እኔ ግን ሲያንጠባጥብ ሳይ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የፈረሰ መሬት የምታለሙ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መሬቱን ከመንካታችሁ በፊት እዚያ ያረጀ ሰው ፈልጉ። ቢስቁባችሁም አትናደዱ። በጥር ብቻ አትለኩ።

ጋሽ ይመር ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ ታመው በዚያው አረፉ። ሐሰን ጡሩንባውን ከግድግዳው አላወረደም። ዳኝነቱን የተረከቡት አቶ ታደሰ ናቸው፤ ውል ውል ነው አሉ። እኔ ወሬውን የሰማሁት በር ተንኳኩቶ ነው። ስከፍት ዘሃራ ቆማለች፣ ሐያትን አዝላ። ያቺ ሕፃን ናት፤ ስሟ ሐያት፣ ሕይወት ማለት ነው፣ ተባለ። ዘሃራ «ጋሽ ይመር» ብቻ አለችኝና ወደሚቀጥለው በር ሄደች። ከኔ በፊት ስንት በር እንዳንኳኳች አላውቅም።

ዶማዬን ይዤ ስደርስ መንገዱ ሞልቶ ነበር። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ከሚገኙት ቀበሌዎች ሳይቀር የመጣ ሰው አለ። እንዲያ ያለ ቀብር እዚያ ሰፈር አይቼ አላውቅም። ከሌላ ቅሬ የመጣ አንድ ሰው አቶ ታደሰን፣ «ጡሩንባ ሳይነፋ ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ወጣ? ውላችሁ ፈረሰ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

አቶ ታደሰ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «አልፈረሰም። ጡሩንባ አይነፋም ነው የሚለው። ሰው አይምጣ አይልም» አሉና፣ ተራቸው ስለደረሰ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ።